የተማሪ መኪና፣ ሁለት ደንብ፣ አንድ ዋንጫ፦ ማን ነበር ትክክል?

ጥያቄው ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የፎርሙላ ኤስኤኢ ቡድናችን በ2014 ደንብ የተሠራች አሮጌ መኪና አለችው። ሹፌሮች ይለማመዱባት ብለን በአቅራቢያችን ወደሚደረግ የኤስሲሲኤ ኦቶክሮስ ወሰድናት። በኤፍኤስኤኢ ክፍል፣ ማለትም በፎርሙላ ኤስኤኢ መኪኖች ክፍል ተመዝግበን አንደኛ ወጣን። ከዚያ ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ተነሣ። እሱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ነው፤ ያገለገለች የተማሪ መኪና ገዝቶ ይወዳደራል። ሦስት ነገር አነሣ፦ ክንፋችሁ ከደንቡ ይበልጣል፣ ሬስትሪክተር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትገድብ ጠባብ ቀዳዳ) የላችሁም፣ ሹፌራችሁ ተማሪ አይደለም። ክንፉ እውነትም ትልቅ ነው። ሬስትሪክተሩን ለልምምድ ብለን ዓምና አንሥተነዋል። ሹፌሩ ካቻምና የተመረቀ የቡድናችን ልጅ ነው። የውድድሩ ኃላፊ ምንም ወረቀት ሳይጻፍ በቃል ኤ ሞዲፋይድ ወደሚባለው፣ ሰዎች ራሳቸው የሠሯቸው መኪኖች ወደሚወዳደሩበት ክፍል አዛወረንና ዋንጫው ለሰውየው ተሰጠ። ግማሹ ቡድን ይግባኝ እንበል ይላል። ማን ነው ትክክል?»

ወንድሜ፣ ፍርዱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን። ሰውየው በክንፉ ጉዳይ የሚረታ አይመስለኝም። በሹፌሩ ያከራክራል፤ ያውም ለራሱ በማይመች መንገድ። በሬስትሪክተሩ ግን መልስ የላችሁም። ከሦስቱ ደግሞ አንዱ ከተያዘ ይበቃል። ኃላፊው ነገሩን በቃል መጨረሱ ደካማ አሠራር ነው፤ ዋንጫው ግን የእናንተ አልነበረም።

ኦቶክሮስን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረው መንገድ ይሠራል። መኪኖች ተራ በተራ ይነዳሉ፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አንድ ኮን ከጣልክ 2 ሰከንድ ይደመርብሃል። አሜሪካ ውስጥ ይህንን ስፖርት በሰፊው የሚያካሂደው በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ኤስሲሲኤ የሚባለው ክለብ ነው፤ ውድድሩን «ሶሎ» ይለዋል። በየዓመቱ በእኛ ዘመን መለወጫ ሰሞን ሊንከን፣ ኔብራስካ ላይ የሚደረገው ብሔራዊ ውድድር ከሺህ በላይ ነጂ ይሰበስባል። ተወዳዳሪው ሁሉ አማተር ነው። ሐኪም አለ፣ መካኒክ አለ፣ ጡረተኛ አለ።

ፎርሙላ ኤስኤኢ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የኤስኤኢ የመሐንዲሶች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚያካሂደው የተማሪዎች ውድድር ነው። ተማሪዎች አንዲት ትንሽ ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ይነድፋሉ፣ ይሠራሉ፣ ከዚያ በ1,000 ነጥብ ይፈተናሉ። ኦቶክሮስ ከዚያ ውስጥ 125 ነጥብ ብቻ ነው። ለንድፉ 150 አለ፣ ረጅሙን ርቀት ለመጨረስ 275 አለ፣ ወጪን አስልቶ ለማቅረብም ነጥብ አለ። እስከ 2019 ድረስ ከውድድሮቹ አንዱ ለዓመታት የተደረገው እዚያው ሊንከን የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነበር። ያው ኮንክሪት፣ ያው ንፋስ። ደንቡ ግን ሌላ ነው፤ የእናንተም ጠብ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሁለቱ ደንቦች የሚነበቡበት መንገድ ይለያያል። በፎርሙላ ኤስኤኢ ደንብ ውስጥ ተማሪ ሁሉ ቶሎ የሚማረው አንድ አንቀጽ አለ። የደንቡን ዓላማ መጣስ ደንቡን ራሱን እንደ መጣስ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ «ደንብ አውጪው ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ማሰብ ይለምዳል። ዳኞቹም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ሐሳቡን ይወያዩበታል። ሶሎ ላይ ሰው የሚከራከረው በጽሑፉ ነው። ለመንገድ መኪኖች በተዘጋጁት ክፍሎችማ «ይፈቀዳል» ተብሎ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። እንደ ኤ ሞዲፋይድ ወዳሉት ክፍሎች ስትወጣ ልጓሙ ይላላል፤ ልምዱ ግን ሰው ላይ ይቀራል። ሃያ ዓመት ሶሎ የነዳ ሰው አንቀጽ ቁጥር ጠርቶ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ ያን ቀን የሆነውን መገመት አይከብደኝም። እናንተ «እኛ ተማሪዎች ነን፣ መኪናዋ የተማሪ ሥራ ናት፣ ለልምምድ ነው የመጣነው» አላችሁ። እሱ «ሬስትሪክተሩ የታል?» አለ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ።

አሁን ወደ ክንፉ። የሶሎ ደንብ የኤፍኤስኤኢን ክፍል ሲገልጽ ራሱ መኪና አይነድፍም፤ ወደ ኤስኤኢ ደንብ ነው የሚመራህ። የኤስኤኢ ደንብ ደግሞ በየጊዜው ይለወጣል። በክንፍ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ተማሪዎች ግዙፍ ክንፍ ይሰቅሉ ነበር። የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንገዱን ካሳየ በኋላ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ክንፍ አይጠቅምም የሚለው ክርክር እየሞተ ሄደ። ክንፎቹም አደጉ። በ2015 የኋላ ክንፍ ከመሬት 1.2 ሜትር በላይ እንዳይወጣ፣ ስፋቱም በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ውስጣዊ ጎኖች መካከል እንዲወሰን ተደረገ። የእናንተ ክንፍ በ2014 ደንብ ከተሠራ ከዚህ ልኬት ቢያልፍ አይገርምም። ሕገወጥ አያሰኘውም፤ በዘመኑ ሕጋዊ ነበር።

ቁልፉ ያለው የክፍሉ አንቀጽ ላይ ነው። መኪናዋ በተሠራችበት ዓመት ደንብ ትዳኛለች ወይስ በዘንድሮው? ክለባችሁ የራሱ ተጨማሪ ደንብም ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ የአካባቢ ክለቦች አላቸው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አግኙና አትሙት። የተሠራችበትን ዓመት የሚቀበል ከሆነ የክንፉ ክስ ወደቀ። ለምን አሮጌውን ዓመት ወደ መቀበል አደላለሁ? ያረጁ የተማሪ መኪኖች ባይኖሩ ይህ ክፍል በየከተማው ተወዳዳሪ ስለማይኖረው ነው። ደንብ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ክንፍ ሥሩ ቢባል፣ ሰውየውም ጭምር መኪናውን ጋራዥ ይዘጋባት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ዓመት ከመረጥክ ሙሉውን ዓመት ነው የምትወስደው። በ2014 የሞተር ይዘት ገደብ 610 ሲሲ ነበር፤ በኋላ ወደ 710 ከፍ አለ። በ2014 ክንፍ ላይ የኬቲኤም ሞተር ሳይክልን 690 ሞተር ጨምሬ ሁለቱም ተፈቅደዋል ማለት አይቻልም። ከአንዱ ዓመት ክንፍ፣ ከሌላው ዓመት ሞተር እየመረጡ ማንሣት በየክለቡ ያየሁት ብልጠት ነው። እናንተ ይህን አላደረጋችሁም፤ ግን ወደፊት ሞተር ስትቀይሩ አስቡበት።

ሬስትሪክተሩ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

ተማሪዎቹ የሚጠቀሙት ሞተር በአብዛኛው ከሞተር ሳይክል የወጣ ነው፤ ሆንዳ ሲቢአር 600፣ ያማሃ አር 6 እና የመሳሰለው። በተፈጥሮው ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል። 200 ኪሎ ገደማ በምትመዝን፣ ተማሪ በበየዳት መኪና ላይ ይህን ሁሉ ጉልበት መልቀቅ አደገኛ ነው። ስለዚህ ደንቡ ወደ ሞተሩ የሚገባ አየር በሙሉ በአንዲት ክብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ያስገድዳል። በቤንዚን ለሚሠራ 20 ሚሊሜትር፣ ኢ85 በሚባለው የኤታኖልና የቤንዚን ድብልቅ ለሚሠራ 19 ሚሊሜትር። በጣት ሲታይ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ነው። በዚያ ጉሮሮ ውስጥ አየሩ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ከዚያ በላይ አይጨምርም፤ በሰከንድ ከ74 ግራም ገደማ በላይ አያልፍም። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢስብ፣ ቢለምን፣ አያገኝም። ጉልበቱ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ይወርዳል።

እንግዲህ የተማሪ መኪና ምህንድስና ግማሹ በዚህች ቀዳዳ ዙሪያ የሚዞር ነው። ከቀዳዳው ኋላ ያለው ማስፊያ በምን ያህል አንግል ይከፈት? የአየር ማጠራቀሚያው ስንት ሊትር ይሁን? አራት ሲሊንደር ይሻላል ወይስ ቀለል ያለ ባለ አንድ? በምርመራ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ሰው ይህንን ያውቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

የሬስትሪክተሩ ፈተና እንዴት እንደሚደረግ ልንገርህ፤ አንተም ታውቀው ይሆናል። ሞተሩ በርቶ ሳለ የአየር መግቢያው አፍ በጠፍጣፋ ነገር ይደፈናል። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መጀመሪያ ድምፁ ይወፍራል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ጭጭ። ሳይጠፋ እየተንገዳገደም ቢሆን ከቀጠለ በሌላ ቦታ አየር እያገኘ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ተንኮል ሳይሆን የጋስኬት ስንጥቅ ወይም የላላ የጎማ ቱቦ ነው። ፍርዱ ግን አይለወጥም፤ መኪናዋ አላለፈችም።

አሁን የእናንተን ነገር ተመልከት። ሬስትሪክተሯ መሳቢያ ውስጥ ናት። መሳቢያ ውስጥ ያለች ሬስትሪክተር አየር አታንቅም። «ለልምምድ ብለን» የምትለዋ ቃል ለቡድናችሁ ምክንያት ናት፤ ለተፎካካሪ ግን ምንም አይደለችም። እሱ የሚያየው 80 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እየነዳ፣ ከ110 በላይ ባላት መኪና መበለጡን ነው። ክንፉን ደንብ እያነበብን ልንከራከርበት እንችላለን። ይሄኛው ክርክር የለውም።

በነገራችን ላይ ሬስትሪክተሩን ስታነሡ የነዳጅ ካርታውን፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት ነዳጅ እንደሚሰጥ የሚያይበትን ሰንጠረዥ፣ አስተካክላችሁ ነበር? ብዙ የተማሪ መኪኖች ነዳጅ የሚለኩት በስሮትሉ (በነዳጅ መርገጫው በሚከፈተው የአየር በር) አከፋፈትና በሞተሩ ዙር ብቻ ነው። አየሩ ሲጨምር ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ፒስተን ይበላል። አሁን መልሳችሁ ስትገጥሙ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ነዳጅ ይበዛና ጥቁር ጭስ ታያላችሁ። ከዋንጫው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ክስ ሹፌሩ ነው። ፎርሙላ ኤስኤኢ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሰባት ወራት ውስጥ የተመረቀን ሰው እንደ ቡድን አባል ይቀበላል። ካቻምና የተመረቀ ልጅ በዚህ ሚዛን ወጥቷል። ነገር ግን ይህ የተማሪ ውድድሩን ተሳታፊ የሚመለከት ደንብ ነው እንጂ የመኪናውን አሠራር አይደለም። ወደ ሶሎ ተሻግሮ ይሠራል የሚል ሰው የሶሎውን አንቀጽ ገልጦ ማሳየት አለበት። ይሠራል ከተባለስ? ሰውየው ራሱ የተመረቀ አይደለም እንዴ! ጉድጓድ ስትምሱ አታርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ይህን ክስ አለዝቦ ቢተወው ይሻለው ነበር።

አሠራሩን እንይ። ተቃውሞ በጽሑፍ ይቀርባል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፤ የተጣሰው አንቀጽ ተጠቅሶ። ይህ የሁለቱም ዓለም ልማድ ነው። ፎርሙላ ኤስኤኢ እንዲያውም ከቡድኑ 25 ነጥብ በማስያዣ ይወስዳል፤ ተቃውሞው ውድቅ ከሆነ ነጥቡ አይመለስም። ያለ ማስረጃ እየተነሡ መክሰስን የሚቀንስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ሶሎ ላይ ሞተር ተፈትቶ መታየት ካለበት የመፍቻውን ወጪ መጀመሪያ የሚያስይዘው ከሳሹ ነው።

የእናንተ ኃላፊ ይህን ሁሉ ዘለለ። ለምን? እንደኔ ግምት ስለ ሬስትሪክተሩ ሲጠይቃችሁ «አንሥተነዋል» አላችሁ፤ ለእሱ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። የአካባቢ ኦቶክሮስ ኃላፊ ደመወዝ የለውም። ጠዋት ኮን የደረደረው፣ ማታ የሚሰበስበውም እሱ ነው። በዚህ ልወቅሰው አልፈልግም። ቢሆንም ሁለት መስመር ጽፎ «በዚህ አንቀጽ ምክንያት ወደ ኤ ሞዲፋይድ ተዛውራለች» ቢል ኖሮ ግማሹ ቡድን ዛሬ አይበግንም ነበር። ክንፉና ሹፌሩም አብረው እንደተፈረደባቸው እናንተ አታስቡም ነበር፤ ሰውየውም በሦስቱም ረታሁ እያለ አያወራም ነበር።

ስለዚህ ይግባኝ አትበሉ። ጉንጭ አልፋ ክርክር ነው። አሠራሩ ተሰብሯል ብላችሁ ብትረቱ እንኳ፣ እንደገና ሲታይ ያቺው ሬስትሪክተር መሳቢያ ውስጥ ናት። ይልቅስ ለክለቡ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። መዛወሩን ተቀብለናል፤ ምክንያቱ ሬስትሪክተሩ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡልን፤ ክንፉ በየትኛው ዓመት ደንብ እንደሚታይም ንገሩን በሉ። ይህ ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመት ልጆችም ይሆናል። እናንተ ተመርቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ መኪናዋ ትቀራለች።

ከመኪናዋ ጋር የሚሄድ አንድ ማህደርም አዘጋጁ። የ2014 ደንብ ታትሞ ይግባበት። በዚያ ዓመት ፍተሻ ያለፈችበት ስቲከር ፎቶ፣ የሻንሲው ቱቦዎች ውፍረትና ዓይነት የተመዘገበበት ሰነድ፣ የሬስትሪክተሩ ንድፍ አይቅር። ክርክር ሲነሣ ማህደር የያዘ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው። ሬስትሪክተሩን መልሳችሁ በተማሪ ክፍል መግባት ትችላላችሁ። ወይም እንዳለች ኤ ሞዲፋይድ ግቡ። እኔን ብትጠይቀኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መኪናዋ የልምምድ መኪና ናት፤ ኤ ሞዲፋይድ ደግሞ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ እንግዳ ፍጥረት የሚሠሩበት ክፍል ነው። ከነሱ አጠገብ ቆሞ አንድ ቀን መዋል ብዙ ያስተምራል። ብቻ እዚያም ደንብ አለ፤ ክፍሉ የራሱ የክብደት መስፈርት ስላለው ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

ደንቡ ራሱ ትክክል አይደለም የምትሉ ከሆነም መንገድ አለው። የሶሎ ደንብን የሚያስተዳድር ቦርድ አለ፤ ከማንኛውም አባል ደብዳቤ ይቀበላል፣ ለአማካሪ ኮሚቴ ይመራል፣ ውጤቱንም ያወጣል። ያረጁ የተማሪ መኪኖች በተሠሩበት ዓመት ደንብ ይዳኙ የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር ከጎደለ፣ እናንተ ጻፉት።

የደህንነት ፍተሻን ግን ከዚህ ክርክር ለዩት። ክፍል ያከራክራል፤ ደህንነት አያከራክርም። ፈታሹ በሕግ አምላክ ካለ ሞተር ይጠፋል፣ አለቀ። በአሮጌ የተማሪ መኪና ላይ ሁልጊዜ የምናገኘው ችግር ቀበቶ ነው። ቀበቶ ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ የተሠራበት ቀን አለ፤ ብዙ ቡድን አያያትም። በ2014 የተገዛ ቀበቶ ዛሬ ቆሻሻ ነው። ክፍት መኪና ስለሆነች የክንድ ማሰሪያም ያስፈልጋል፤ መኪናዋ ብትገለበጥ እጅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው።

ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ነገር ጨምሩ። የሰውየውንም ሬስትሪክተር ማንም የለካ አይመስለኝም፤ የተገዛ መኪና ውስጥ ማን ምን እንደነካ አይታወቅም። እሱን ለመበቀል ብላችሁ ተቃውሞ አታስገቡበት። ከ20 ሚሊሜትር በጥቂቱ የምትበልጥ የመለኪያ ፒን ከቤተ ሙከራችሁ ይዛችሁ ሂዱና ጠዋት ፍተሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት። የኤፍኤስኤኢ ክፍል መኪኖች ሁሉ፣ የእናንተም ጭምር፣ በሷ ይታዩ። ፒኗ ያለፈችባት መኪና ሰዓቱ ሳይጀምር ወደ ኤ ሞዲፋይድ ትሂድ።